ሚኪ ሌላንድ፦ ከቴክሳስ ምክር ቤት እስከ ኮንግረስ፣ ከኮንግረስ እስከ ጋምቤላ መንገድ

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም፣ ክረምት ነው። አንዲት ትንሽ ትዊን ኦተር አውሮፕላን 16 ሰው ጭና ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ በረረች። መድረሻዋ የሱዳን ድንበር አጠገብ ያለው የፑኝዶ የስደተኞች መጠለያ ነበር። አልደረሰችም።

በውስጧ 9 አሜሪካውያንና 7 ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከአሜሪካውያኑ አንዱ የኮንግረስ አባል ነው። ሙሉ ስሙ ጆርጅ ቶማስ ሌላንድ ቢሆንም ሰው የሚያውቀው «ሚኪ» በሚለው ነው። ዕድሜው 44 ነበር።

በዕድሜ ከፍ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን ይህን ስም ሳታስታውሱት አትቀሩም። ያኔ በሬዲዮ ስንት ቀን ሲወራ ነበር። እኛ ከዚያ በኋላ የተወለድነው ግን ብዙም አናውቀውም፤ ብናውቅም «አንድ አሜሪካዊ ባለሥልጣን እዚህ አገር በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል» ከሚለው አያልፍም። ሰውየው ማን ነበር? እንዴት እዚያ አውሮፕላን ውስጥ ገባ? ሚኒስትር አልነበረ፣ ጄኔራል አልነበረ፣ ፕሬዝዳንት አልነበረ። ከ435 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት አንዱ ነበር፣ በቃ። ታዲያ አንድ ተራ የምክር ቤት አባል ምን ያህል መሥራት ይችላል?

የዛሬው ጽሑፋችን ይህንን ነው የሚያየው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስንጠቀም ዓ.ም ብለን እንጽፋለን።

መነሻው፦ ፊፍዝ ዋርድ

ሚኪ የተወለደው በ1944 ሉቦክ በምትባል የቴክሳስ ከተማ ነው። አባቱ ቤቱን ጥሎ ሲሄድ እናቱ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ሂውስተን ገባች። ሰፈራቸው ፊፍዝ ዋርድ ይባላል። የጥቁሮች ሰፈር ነው፣ የድሆችም ሰፈር ነው። በኋላ የዓለም የቦክስ ሻምፒዮን የሆነው ጆርጅ ፎርማንም ያደገው እዚያው ነው። እናቱ በምግብ አብሳይነት እየሠራች፣ ጎን ለጎን ኮሌጅ ተምራ አስተማሪ ሆነች።

ልጁ ፊሊስ ዊትሊ ከሚባለው የሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1964 ጨረሰ። ከዚያ ቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1970 በፋርማሲ ተመረቀ። አዎ፣ ፋርማሲስት ነው። ይህን ያዙት፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ዘመኑ የጥቁሮች የመብት ትግል የጋለበት ነው። ሚኪም ተማሪ ሆኖ ሰልፍ ላይ ነበር። ራሱን አብዮተኛ ብሎ የሚጠራ ወጣት ነበር። ግን ሰልፍ ብቻ አልነበረም ሥራው። ተመርቆ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ከቤት ቤት የሚዞር ዘመቻ አዘጋጀ። ወደ ድሃ ሰፈሮች እየሄዱ የጤና ምርመራ ማድረግ፣ የት ሄደው መታከም እንደሚችሉ ለሰዎቹ መንገር። በእኛ አገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚሠሩትን ዓይነት አስቡት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የዚህ ሰው ሙሉ የፖለቲካ ሕይወት የዚህ ነገር ድግግሞሽ ነው። ችግሩ ያለበት ቦታ በአካል መሄድ፣ ማየት፣ ከዚያ ተመልሶ ገንዘብና ሕግ ያለበትን በር ማንኳኳት። መጀመሪያ በሰፈር፣ ቀጥሎ በግዛት፣ ከዚያ በአገር፣ በመጨረሻ በዓለም።

ደረጃ አንድ፦ የቴክሳስ ምክር ቤት

አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ምክር ቤት አለው። የእኛን የክልል ምክር ቤት ብላችሁ ውሰዱት። ቴክሳስ 150 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤትና 31 አባላት ያሉት ሴኔት አላት። መደበኛ ስብሰባው በሁለት ዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ለ140 ቀን ነው። ደመወዙስ? በ1975 በወር 600 ዶላር ሆነ፤ ዛሬም ድረስ እዚያው ላይ ነው። ስብሰባ ሲኖር የቀን አበል ይጨመርበታል። ስለዚህ አብዛኛው አባል ሌላ ሥራ አለው። በዚህ ደመወዝ ሀብታም የሚሆን የለም።

ሚኪ እዚያ እንዴት ገባ? እዚህ ላይ አንድ የምርጫ ሕግ ነገር መረዳት ያስፈልጋል።

ቀደም ሲል ሂውስተን ባለችበት ሃሪስ ካውንቲ እጩዎች የሚወዳደሩት ሰፊ አካባቢን በሙሉ በሚሸፍን ምርጫ ነበር። ይህ ማለት፣ ጥቁሮች በሰፈራቸው ብዙኃን ቢሆኑም ድምፃቸው በትልቁ ቁጥር ውስጥ ይሟሟል። በ1971 በተደረገው አዲስ የክልል አከላለል ግን ካውንቲው በትናንሽ የምርጫ ክልሎች ተከፋፈለ፤ አንድ ክልል፣ አንድ ተወካይ። ካርታው ሲቀየር ውጤቱም ተቀየረ። በ1972ቱ ምርጫ ከሂውስተን አራት ጥቁሮችና አንድ የሜክሲኮ ዝርያ ያለው እጩ አብረው አሸነፉ። «የሕዝቡ አምስት» ተባሉ። ሚኪ ሌላንድ አንዱ ነው። ሌሎቹ ክሬግ ዋሽንግተን፣ አንቶኒ ሆል፣ ሴንፍሮኒያ ቶምፕሰንና ቤን ሬየስ ናቸው።

እስቲ አስቡት። በ1973 መጀመሪያ ኦስቲን ከተማ፣ ሱፍና ከረባት የለበሱ ሰዎች በተሞሉበት አዳራሽ ውስጥ አንድ የ28 ዓመት ወጣት አፍሮ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ዳሺኪ ለብሶ ገባ። ዳሺኪ ማለት ያ በቀለም ያሸበረቀው የምዕራብ አፍሪካ ሸሚዝ ነው። ብዙዎች የታይታ ሰው መስሏቸው ነበር።

ግን ሰውየው ፋርማሲስት ነው፣ አልረሳችሁም አይደል? ይዞት የመጣው ጉዳይ የመድኃኒት ዋጋ ነው። አንድ መድኃኒት በታወቀ የኩባንያ ስሙ ሲሸጥና ያው ንጥረ ነገር በጀነሪክ ስሙ ሲሸጥ የዋጋው ልዩነት ሰፊ ነው። ድሃው ሰውዬ ስሙን አይደለም የሚውጠው፣ መድኃኒቱን ነው። ሌላንድ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው የቴክሳስ ነዋሪዎች ጀነሪክ መድኃኒት እንዲያገኙ፣ እንዲሁም አባላት በየጊዜው በሚያዋጡት ክፍያ የሚሠሩ የጤና አገልግሎት ድርጅቶች እንዲስፋፉ ታገለ። ድምፅ የሚያስጮህ ጉዳይ አይደለም። ግን የሰፈሩ ሰው ፋርማሲ በር ላይ ሲደርስ የሚሰማው ነገር ነው።

በእነዚያ ዓመታት ሌላም ነገር ሆኗል። ሌላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካን አየ። ወደ ታንዛኒያ የሄደው ለጥቂት ሳምንታት ነበር፤ ሦስት ወር ቆይቶ ተመለሰ። አገር ቤት ያሉት ሞቷል ብለው ተጨንቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ አፍሪካ ከአእምሮው አልወጣችም።

ደረጃ ሁለት፦ ኮንግረስ

በቴክሳስ ምክር ቤት ስድስት ዓመት ሠራ። በ1978 የሂውስተን 18ኛው የኮንግረስ ወንበር ክፍት ሆነ። ወንበሩ ላይ የነበረችው ባርባራ ጆርዳን ናት። ይቺ ሴት የዋዛ አይደለችም፤ ከደቡብ ግዛቶች ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። በ1974 በፕሬዝዳንት ኒክሰን ክስ ጉዳይ ያደረገችው ንግግር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እሷም የፊፍዝ ዋርድ ልጅ ናት፣ እሷም የፊሊስ ዊትሊ ተማሪ ናት፣ እሷም ቴክሳስ ሳውዘርን ነው የተማረችው። አንድ ሰፈር፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ወንበር።

ጆርዳን አልወዳደርም ስትል ሌላንድ ገባበት። በዲሞክራቲክ ፓርቲው የውስጥ ምርጫ ሁለተኛ ዙር ድረስ ሄዶ አብሮት ኦስቲን የገባውን አንቶኒ ሆልን አሸነፈ። በጥር 1979 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ እየተመረጠ በአጠቃላይ ስድስት ጊዜ አሸንፏል።

የኮንግረስ ተወካይ ሥራ ከግዛቱ ይለያል። የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው። በ1980ዎቹ አንድ ተወካይ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ይወክል ነበር። ዋናው ሥራ የሚሠራው ካሜራ ባለበት ትልቁ አዳራሽ ሳይሆን በኮሚቴዎች ውስጥ ነው። ሌላንድ የኢነርጂና ንግድ ኮሚቴ አባል ነበር፤ ጤናም፣ ቴሌቪዥንም፣ ነዳጅም የሚያልፍበት ጉልበተኛ ኮሚቴ ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጥቁሮችንና ሌሎች አናሳዎችን አይቀጥሩም፣ በትክክልም አያሳዩም እያለ ይሞግታቸው ነበር። በ1985 እና በ1986 የኮንግረስ ጥቁሮች ኅብረት ሊቀመንበርም ሆኗል።

አንድ ነገር እንንገራችሁ። ስለ ምርጫ ሕግ ክርክር ሲደረግ፣ እንግሊዝኛ ለማያውቁ ዜጎች በቋንቋቸው የድምፅ መስጫ ወረቀት ይቅረብ ወይስ አይቅረብ የሚል ጥያቄ ተነሳ። ሌላንድ ተነስቶ በስፓኒሽ መናገር ጀመረ። አዳራሹ ውስጥ ያለው አብዛኛው ሰው አልገባውም። ነጥቡም እሱ ነበር፦ እናንተ አሁን የተሰማችሁ ነገር ድምፅ መስጫ ጣቢያ ቆሞ የሚነበበው ያልገባው ዜጋ የሚሰማው ነው። በብዙ ቋንቋ አገር ላደግን ለእኛ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሕግ ማውጣት የማይችል ኮሚቴ

አሁን ወደ ዋናው ደረስን።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሬገን መንግሥት ለድሆች የሚሰጠውን የምግብ ድጎማ፣ ፉድ ስታምፕ የሚባለውን፣ ቀነሰ። በአሜሪካ ከተሞች ነፃ ምግብ የሚታደልባቸው ቦታዎች ላይ ሰልፉ ረዘመ። በሌላ በኩል ከአፍሪካ የረሃብ ዜና ይመጣል። ኮንግረስ ውስጥ ግን ረሃብን ጉዳዬ ብሎ የያዘ አንድም አካል አልነበረም። ፉድ ስታምፕ በግብርና ኮሚቴ ነው፣ የትምህርት ቤት ምገባ በሌላ ኮሚቴ ነው፣ የውጭ እርዳታ ደግሞ በሦስተኛ። ሁሉም ቁራሹን ያያል፣ ሙሉውን የሚያይ የለም። የመሥሪያ ቤት ምልልስ የሚያውቅ ሰው ይሄ ይገባዋል፤ «የኛ ክፍል አይደለም» የሚባለው ዓይነት።

ሌላንድ ከኒውዮርኩ ሪፐብሊካን ቤን ጊልማን ጋር ሆኖ የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ ይቋቋም አለ። በየካቲት 1984 ተፈቀደ፤ ሌላንድ ሊቀመንበር ሆነ።

ግን እኮ ልዩ ኮሚቴ ረቂቅ ሕግ አጽድቆ ወደ ምክር ቤት ማሳለፍ አይችልም። ገንዘብም አይመድብም። የሚችለው መመርመር፣ አስረጂ ጠርቶ መስማት፣ ሪፖርት ማውጣትና የውሳኔ ሐሳብ ማቅረብ ብቻ ነው። «ታዲያ ምን ይሠራል? ጥርስ የለውም» የሚሉ ነበሩ።

ሌላንድ ግን ጥርሱ የት እንዳለ ገብቶታል። አስረጂ መጥራት ማለት ጋዜጠኛ መጥራት ነው። ሪፖርት ማውጣት ማለት ሌሎቹ ኮሚቴዎች «አላወቅንም» እንዳይሉ ማድረግ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የኮሚቴ ሊቀመንበር ወደ ቦታው የልዑካን ቡድን ይዞ መሄድ ይችላል። የሄደው የኮንግረስ አባል ያየውን ይዞ ይመለሳል። ያየ ሰው ደግሞ እጁን ሲያወጣ ይለያል።

ሰባ ሰባት

ኮሚቴው በተቋቋመ በወራት ውስጥ የእኛ ሰባ ሰባት ደረሰ። በጥቅምት 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ነው። ይህን ለአንባቢዎቻችን መዘርዘር አያስፈልገንም። በየቤቱ የሚነግር ሰው አለ።

ሌላንድ በዚያው ዓመት መጨረሻ የኮንግረስ ልዑክ ይዞ ወደ አካባቢው መጣ። ሱዳን ውስጥ አንድ መጠለያ ላይ አጥንቷ የቀረ ልጅ አየ። ዞር ብሎ ከሰው ጋር ተነጋግሮ ፊቱን ሲመልስ ልጅቱ አርፋለች። ፊቷ ከዓይኑ እንዳልጠፋ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል።

ተመልሶ ምን አደረገ መሰላችሁ? ድጋፍ ማሰባሰብ ጀመረ። በ1985 ጸደይ ኮንግረስ ለአፍሪካ የረሃብ እርዳታና ማገገሚያ ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ የሚያስገኝ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዝዳንት ሬገንም ፈረሙበት። ገንዘቡ ለኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በድርቅ ለተመቱ በርካታ የአፍሪካ አገሮች ነው። ሕጉን ሌላንድ ብቻውን አላወጣውም፤ በቴሌቪዥን የታየው ምስል፣ የሕዝቡ ጩኸት፣ የሌሎች የኮንግረስ አባላት ሥራ አለበት። ግን ኮሚቴው ቀድሞ ባይቋቋም፣ ዜናው ሲመጣ የሚይዘው እጅ አይኖርም ነበር።

በዚያ ዘመን የአሜሪካና የደርግ ግንኙነት እንዴት እንደነበር አስታውሱ። ደርግ በ1977 የአሜሪካን ጦር ከአስመራው ቃኘው ጣቢያ አስወጥቷል። ከ1980 ጀምሮ አሜሪካ አዲስ አበባ ውስጥ አምባሳደር አልነበራትም። የልማት እርዳታም ቆሟል። እንዲያም ሆኖ ለ1977 ዓ.ም ረሃብ ትልቁን የምግብ እርዳታ የሰጠችው አሜሪካ ናት።

ሌላንድ እንዲህ ባለው ክፍተት ውስጥ መመላለስ ይወድ ነበር። ስለ አፍሪካ የምግብ እርዳታ ከጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ጋር ተነጋግሯል። የተለያዩ የኩባ ቤተሰቦችን ለማገናኘት ከፊደል ካስትሮ ጋር ተገናኝቷል። ሞስኮ ሄዶ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ሞዛምቢክን አብረው እንዲረዱ ሐሳብ አቅርቧል። ከምርጫ ክልሉ ታዳጊዎችን መርጦ እስራኤል ኪቡትዝ ውስጥ እንዲቆዩ የሚያደርግ ፕሮግራምም ጀምሯል። የሂውስተን የድሃ ሰፈር ልጅ ዓለምን ይይ ነው ነገሩ። እሱን ታንዛኒያ የለወጠችውን ያህል።

የሚነሳው ትችት

ሰውየውን መልአክ አድርገን ልናቀርብ አይደለም። በዘመኑ የሚተቹት ነበሩ፣ ከትችቶቹም አንዳንዱ ቁም ነገር አለው።

የመጀመሪያው፣ ከካስትሮና ከደርግ ዓይነት መንግሥታት ጋር መነጋገሩ ነው። ወግ አጥባቂዎች ለአምባገነኖች ክብር ሰጠ አሉት።

ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ ለእኛም ይቀርበናል። ወደ ኢትዮጵያ የገባው እርዳታ በሙሉ ለተራበው ደርሷል ወይ? ደርግ በዚያው ጊዜ ከሰሜን ሰዎችን ወደ ደቡብ ምዕራብ የማስፈር ዘመቻ ያካሂድ ነበር፤ ብዙዎች በግድ ተወስደዋል። ይህን በአደባባይ የተቃወመው ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የፈረንሳይ ክፍል በ1985 መጨረሻ ከአገር ተባረረ። ጦርነት ላይ ባሉ አካባቢዎች ደግሞ እህሉ ማን ጋ እንደሚደርስ ሌላ ክርክር ነበር። ስለዚህ «ዝም ብሎ መርዳት አገዛዙን ማጠናከር ነው» የሚል ወገን ነበረ።

የሌላንድ አቋም ግልጽ ነው። ሕፃኑ መንግሥቱን አልመረጠም፤ በመንግሥቱ ምክንያት ምግብ ሊከለከል አይገባም። ክትትል ያስፈልጋል? አዎ። እሱ ራሱ መጠለያ ለመጠለያ የሚዞረው ለዚህ ነው። ለመከታተል ብሎ መሄድ እንጂ ለመከታተል ብሎ ማቆም አልፈለገም።

ይህ ክርክር አርጅቷል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አላረጀም። በ2023 አጋማሽ የአሜሪካው ተራድዖ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል እየተዘረፈ ነው ብለው ለኢትዮጵያ የሚሰጡትን የምግብ እርዳታ አቆሙ። ለስደተኞች የሚሰጠውም ቆሞ ነበር። ስደተኞቹ እንደገና ማግኘት የጀመሩት ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ሌላንድና ተቺዎቹ የተከራከሩበት ጥያቄ እዚሁ እኛ ጋ፣ ጋምቤላ ውስጥ ሳይቀር፣ የራት ጥያቄ ሆኖ ተመልሶ መጥቷል።

ነሐሴ 1

በ1981 ዓ.ም ክረምት ሁኔታው እንዲህ ነበር። ግንቦት 8 በመንግሥቱ ኃይለማርያም ላይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደርጎ ከከሸፈ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። በሰሜን ጦርነቱ ቀጥሏል። ከሱዳን የእርስ በእርስ ጦርነት የሸሹ ብዙ ሺህ ሰዎች ደግሞ በዛሬው ጋምቤላ ክልል ተጠልለዋል። ከመጠለያዎቹ አንዱ ፑኝዶ ነው፤ ፉኝዶ የሚሉትም አሉ። እዚያ ወላጅ አልባ የሆኑ፣ ለብቻቸው በእግራቸው ድንበር የተሻገሩ እጅግ ብዙ ወንዶች ልጆች ነበሩ። ዓለም በኋላ «የጠፉት ልጆች» ብሎ የጠራቸው እነሱን ነው።

ሌላንድ ሊያይ የሄደው እነሱን ነው። አብረውት የእሱና የሌላ ኮንግረስ አባል ረዳቶች፣ የአሜሪካ ኤምባሲና የተራድዖ ድርጅቱ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

አውሮፕላኗ ስትጠፋ ፍለጋ ተጀመረ። እዚህ ላይ የሚገርም ነገር ሆነ። ከ12 ዓመት በፊት የአሜሪካን ጦር ያስወጣው ደርግ ለአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ሰማዩን ከፈተ። ሳተላይትም ተሠማራ። ፍለጋው ስድስት ቀን ፈጀ። ነሐሴ 7 ስብርባሪው በደቡብ ምዕራብ ተራራማ ቦታ ላይ ተገኘ። ከ16ቱ አንድም የተረፈ የለም።

ሂውስተን ውስጥ ሚስቱ አሊሰን የሦስት ዓመት ልጃቸውን ይዛ ስትጠብቅ ነበር። ነፍሰ ጡርም ነበረች። በጥር 1990 መንታ ወንዶች ወለደች።

እኛ አገር ይህ ታሪክ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠራው የሌላንድ ስም ብቻ ነው። ግን ከ16ቱ ሰባቱ የእኛ ሰዎች ናቸው። እነሱም በዚያ ክረምት ለሥራ ወጥተው አልተመለሱም፤ እነሱንም የሚጠብቅ ቤት ነበራቸው። ነሐሴ 1 የሚታሰብ ከሆነ ለሁሉም ይታሰብ።

ከሞተ በኋላ

በወንበሩ የተተካው ክሬግ ዋሽንግተን ነው። አስታወሳችሁት? በ1972 አብረው ካሸነፉት አምስቱ አንዱ። ከእሱ በኋላ ሺላ ጃክሰን ሊ መጣችና ከ1995 እስከ ሞተችበት 2024 ድረስ ያዘችው።

በ1990 የወጣው ትልቁ የግብርና ሕግ ውስጥ የአገር ውስጥ ረሃብን የሚመለከተው ክፍል በሌላንድ መታሰቢያነት ተሰየመ። በ1993 ደግሞ ፉድ ስታምፕን ለልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የሚያሰፋ ሕግ በስሙ ጸደቀ።

የሚያሳዝነው ግን በዚያው በ1993 ያ የረሃብ ኮሚቴ ራሱ ተዘጋ። ምክር ቤቱ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ልዩ ኮሚቴዎችን ሳያድስ ቀረ። ሌላንድን የተካው ሊቀመንበር ቶኒ ሆል ምን አደረገ? ጾመ። ለ22 ቀን ከውሃ በቀር አልቀመሰም። ኮሚቴው ባይመለስም ከዚያ ጾም በኋላ የኮንግረስ የረሃብ ማዕከል የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ይህ ድርጅት በሌላንድ ስም ወጣቶችን መርጦ በረሃብ ጉዳይ ላይ እንዲሠሩ ወደ ተለያዩ አገሮች ይልካል።

ሂውስተን ውስጥ የፌዴራል ሕንፃ በስሙ አለ። በተማረበት ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጉዳዮች ትምህርት ቤቱ የባርባራ ጆርዳንንና የእሱን ስም አንድ ላይ ይዟል። የሂውስተን ኢንተርኮንቲነንታል ኤርፖርት ዓለም አቀፍ ተርሚናልም በስሙ ነው። ሂውስተን ያላችሁ ወይም በዚያ ያለፋችሁ ቤተሰቦቻችን፣ ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ ስሙን በግድግዳ ላይ አይታችሁት ይሆናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለተራበ ሰው ብሎ ሲሄድ የሞተ ሰው ስም ነው።

እንግዲህ ምን እንውሰድ?

በመጀመሪያ ያነሳነው ጥያቄ አንድ ተራ የምክር ቤት አባል ምን ያህል መሥራት ይችላል የሚል ነበር። ሌላንድ በሁለት ምክር ቤቶች 16 ዓመት ገደማ አሳልፏል። ፓርቲውን አልመራም፣ ሴናተር አልሆነም። ግን ሦስት ነገር አደረገ።

አንደኛ፣ የሚያውቀውን ጉዳይ ያዘ። መድኃኒት ያውቅ ነበር፣ ከመድኃኒት ጀመረ። ድህነት ያውቅ ነበር፣ እስከ መጨረሻው አለቀቀውም።

ሁለተኛ፣ የተሰጠውን ትንሽ ሥልጣን «አይረባም» ብሎ አልጣለም። ሕግ ማውጣት የማይችል ኮሚቴ ይዞ ሕግ እንዲወጣ አደረገ።

ሦስተኛ፣ ሄደ። ሪፖርት ቢሮው እስኪመጣለት አልጠበቀም።

ይህ ለእኛ ሁለት ቦታ ይነካል። አሜሪካ ያላችሁ፣ የዜግነት ወረቀት ኖሯችሁ በቴክሳስ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ ድምፅ የምትሰጡ፦ ለውጭ እርዳታ የሚመደብ ገንዘብ በእነዚያ 435 ሰዎች እጅ ያልፋል። በ2025 የአሜሪካው ተራድዖ ድርጅት ፈርሶ ሥራው ወደ ውጭ ጉዳይ ሲጠቃለል ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም አየን። የእናንተ ተወካይ በዚህ ጉዳይ ምን ድምፅ እንደሰጠ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ለመደወል የእሱ ፓርቲ አባል መሆን አያስፈልግም።

አገር ቤት ያለነው ደግሞ እኛም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አለን፣ የክልል ምክር ቤትም አለን። እስቲ በቅንነት፦ የምርጫ ክልላችሁን እንደራሴ ስም ታውቃላችሁ? በየትኛው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ እንዳሉስ? ለመጨረሻ ጊዜ ሰፈራችሁ የመጡት መቼ ነው?

መልሳችሁን በኮሜንት ጻፉልን። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ምን የምታስታውሱ፣ በተለይ ያኔ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦር ወይም ወለጋ የነበራችሁ ካላችሁ፣ የሰማችሁትን አጋሩን። እናነባለን።